ተሳቢ ቀን ቀን ይከልከል ወይስ አይከልከል?

ለክርክር የቀረበው፦ ከሞጆ አዳማ ባለው ነባሩ መንገድ ተሳቢዎች ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት እንዳያልፉ ይከልከሉ ወይ?

ባለ አውቶሞቢል፦ ይከልከሉ። የጫነ ተሳቢ ዳገት ላይ በ20 ሲያዘግም ከኋላው አሥር መኪና ይሰለፋል። ትዕግሥቱ ያለቀበት ይደርባል፣ ከፊት ሚኒባስ ይመጣል። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

መካኒክ፦ ሌሊቱ ይብሳል ወንድሜ። የተሳቢው መብራት ከጎታቹ በሚዘረጋ ገመድ ነው የሚሠራው። የገመዱ መሰኪያ ፒን ሲዝግ የፍሬን መብራቱም ፍሬቻውም ይጠፋል፤ ሾፌሩ ጋቢና ተቀምጦ አያውቀውም። በአጭር መብራት የሚታየው ከ40 እስከ 60 ሜትር ነው። በ80 የሚነዳ አውቶሞቢል ደረቅ አስፋልት ላይ እንኳ ለመቆም ወደ 70 ሜትር ይፈልጋል። ሒሳቡ አይገጥምም።

ባለ አውቶሞቢል፦ አንፀባራቂ ይለጥፋላ!

መካኒክ፦ ይለጥፍ፤ ጭቃውን ማን ይጠርጋል? ጎማ ሲፈነዳ ደግሞ ድንጋይ ደርድረው ይቀይራሉ፣ ድንጋዩን እዚያው ትተው ይሄዳሉ። ባለሦስት ማዕዘኑ ምልክት ከወንበር ሥር ተኝቷል።

የተሳቢ ሾፌር፦ ሁላችሁም የጫነውን ነው የምትፈሩት። ከጂቡቲ ጭኖ የሚመጣው ወደ ላይ ይወጣል፤ ወደ መተሐራ ቁልቁል የሚመለሰው አብዛኛው ባዶ ነው። ፍሬኑ የተሠራው ለሙሉ ጭነት ስለሆነ ባዶው ላይ ድንገት ከተረገጠ ጎማው ይቆለፋል፤ ዝናብ ካለ ተሳቢው በጎኑ መዞር ይጀምራል። ጭነቱን ለይቶ የፍሬኑን አየር የሚቀንስ ቫልቭ አለ፤ ሲበላሽ ግን ብዙ ጊዜ በቀጥታ ቱቦ ይታለፋል። ዓመታዊ ምርመራ ላይ ይኼን አጥብቆ የሚያይ ቢኖር ከሰዓት እገዳው ይሻል ነበር።

ትራንዚተር (የጉምሩክ ዕቃ አስተላላፊ)፦ ደረቅ ወደቡ፣ ኮንቴይነር የሚራገፍበት፣ ሞጆ ነው። ሌሊት ብቻ ይሂዱ ከተባለ ቀኑን የት ይቆማሉ? አዳማ መውጫ ላይ፣ ጎማቸውን ግማሽ አስፋልቱ ላይ አድርገው።

ባለ አውቶሞቢል፦ በፍጥነት መንገዱ ይሂዱ እንጂ! ባለ ስድስት ረድፍ ነው፤ ፊት ለፊት የሚመጣ የለም።

የተሳቢ ሾፌር፦ ክፍያው በመኪናው ዓይነት ይጨምራል። ባለንብረቱ ለጉዞው ቁርጥ ሒሳብ ከሰጠ ሾፌሩ ያንን ከኪሱ አያወጣም። ጫኚው ድርጅት ለብቻ ይክፈል፣ በደረሰኝ ይወራረድ፤ ያኔ በነባሩ የሚሄድ ይቀንሳል።

ትራንዚተር፦ እዚያም ቢሆን 120 የሚነዳና 60 የሚጎተት አንድ ረድፍ ላይ ከተገናኙ ከኋላ መግባት አለ። ከባዱ ቀኙን ይያዝ፣ መሀል ላይ አይጎተት።

ባለ አውቶሞቢል፦ እሺ፣ ቢያንስ በተማሪ ሰዓት፣ ጠዋትና ከሰዓት ሁለት ሁለት ሰዓት ይከልከል።

መካኒክ፦ ለእሱ አልከራከርም። መቆሚያው ግን አስቀድሞ ይሠራ፣ ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ፣ መብራት ያለው።