ቶዮታና ቮልስዋገን በቻይናዎቹ የተቀደሙት የት ላይ ነው?

የሶማሌ ተራ ልጅ፦
ሰላም ወገኖች። መርካቶ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ነው የምሸጠው። አባቴም እዚያው ነበር፤ ያሳደገን የቶዮታ ዕቃ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። አሁን ግን ነገሩ እየተቀየረ ነው። በ2024 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ አዲስ ሆኖ የማየው መኪና በአብዛኛው የቻይና ኤሌክትሪክ ነው። የኛ አገር ጉዳይ ብቻ ነው እንዳልል ደግሞ ከየአቅጣጫው የሚሰማው ዜና ተመሳሳይ ነው። ቮልስዋገን ሠራተኛ ይቀንሳል፣ ኒሳን ፋብሪካ ይዘጋል። ዕድሜ ልካቸውን ሞተር ሲሠሩ የኖሩ ድርጅቶች ትናንት በመጡ ኩባንያዎች የተቀደሙት እንዴት ነው? ድጎማ ነው የሚሉኝ አሉ፤ አላሳመነኝም። ዋጋውስ እንዲህ እየወረደ እስከ መቼ ይዘልቃል? ካፒታሌን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ዕቃ ላዙር ወይስ ልጠብቅ የሚለው እንቅልፍ ነስቶኛል። የሚያውቅ ሰው ዘርዘር አድርጎ ይንገረኝ።

ከጓንዡ፦
ወንድሜ፣ ድጎማው እውነት ነው፤ ጨዋታውን የለወጠው ግን ባትሪው ነው። ቢዋይዲን ውሰድ። በ1995 ሼንዘን ውስጥ ሲቋቋም ሥራው ባትሪ ነበር፤ የስልክ ባትሪ ጭምር። መኪና የጀመረው በ2003 አንድ የመኪና ፋብሪካ ገዝቶ ነው። በ2011 የቴስላውን አለቃ ኢሎን መስክን በቴሌቪዥን ስለ ቢዋይዲ ሲጠይቁት ሳቀ። በ2023 የመጨረሻ ሩብ ዓመት ቢዋይዲ በባትሪ ብቻ በሚሄዱ መኪኖች ሽያጭ ቴስላን አለፈ፤ በ2025 ደግሞ በሙሉ ዓመት ሽያጭ በለጠው።

በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ከፍተኛውን ወጪ የሚይዘው ባትሪው ነው። ሌላው ኩባንያ ባትሪውን ከውጭ ገዝቶ የሻጩንም ትርፍ ይከፍላል፣ ቢዋይዲ ግን ራሱ ይሠራል። በዚያ ላይ ቻይናዎቹ የያዙት በብረትና በፎስፌት የሚሠራውን ባትሪ ነው፤ ኒኬልም ኮባልትም የለበትም። ከክብደቱ አንጻር የሚይዘው ኃይል ያንሳል። ነገር ግን ርካሽ ነው፣ ብዙ ጊዜ ቻርጅ ቢደረግም ቶሎ አይደክምም፣ በቀላሉም እሳት አይነሳበትም። ሌሎቹ ረጅም ርቀት የሚያስኬደውን ውድ ባትሪ ሲያሳድዱ እነዚህ ርካሹን ሙጥኝ ብለው አሻሻሉት። የኒንግዴው ሲኤቲኤል ብቻውን ከዓለም የመኪና ባትሪ ከሲሶ በላይ ያቀርባል። እና ድጎማ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ አገር አቀፉ የገዢ ድጎማ በ2022 መጨረሻ ሲቋረጥ ሽያጩም አብሮ በወደቀ ነበር። አልወደቀም። የታክስ ቅናሽ አሁንም እንዳለ ግን አልክድም።

ስቱትጋርት፦
እኔ ለመኪና ፋብሪካዎች ዕቃ በሚያቀርብ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው፤ ስሙን ልተወው። ቮልስዋገን ሻንጋይ ላይ ከቻይና መንግሥት ድርጅት ጋር ሽርክና የፈጠረው በ1984 ነው። ያኔ ቴክኖሎጂውን ይዞ የሄደው ጀርመኑ ነበር። በ2023 ግን ቮልስዋገን ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ ኤክስፔንግ ከሚባለው የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ሠሪ 5 በመቶ ያህል ገዛ፤ ለቻይና ገበያ የሚሆኑ መኪኖችን ከነሶፍትዌራቸው አብሮ ለመሥራት። የፔጆና የፊያት ባለቤት ስቴላንቲስም በዚያው ዓመት 1.5 ቢሊዮን ዩሮ ከፍሎ የሌላውን የቻይና ድርጅት የሊፕሞተርን 20 በመቶ ያህል ያዘ። አሁን ከፍሎ የሚማረው አውሮፓዊው ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ የሠራተኛው ነገር ነው። ኢንጀክተር፣ የነዳጅ ፖምፓ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን፣ ባለብዙ ማርሽ ካምቢዮ፣ እዚህ አገር ስንት ከተማ የሚያስተዳድሩ ዕቃዎች ናቸው፤ የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ አብዛኞቹን ጭራሽ አይፈልጋቸውም። ቮልስዋገን በ2024 መጨረሻ ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር ተስማምቶ እስከ 2030 ጀርመን ውስጥ ከ35 ሺህ በላይ የሥራ ቦታ ሊቀንስ ነው። በካምቢዮ የታወቀው ዜድኤፍም እስከ 2028 ድረስ እስከ 14 ሺህ እቀንሳለሁ ብሏል። እነዚህ ሰዎች ሥራቸውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ናቸው። ጥፋቱ የአመራሩ ነው። የቻይና ገበያ በየዓመቱ ትርፍ ሲያጎርፍላቸው፣ በ2015 የናፍጣ ጭስ ማጭበርበሩ እስኪጋለጥ ድረስ፣ ናፍጣ ሞተር ላይ ሙጭጭ ብለው ቆዩ።

ኮሮላ ወዳጅ፦
ቆይ፣ ሁሉንም አንድ ላይ አትጨፍልቁ። ቶዮታ በጠቅላላ ሽያጭ አልተቀደመም። በ2024 ዳይሃትሱንና ሂኖን ጨምሮ 10.8 ሚሊዮን መኪና ሸጧል፤ ቢዋይዲ 4.27 ሚሊዮን ነው። ፕሪየስን በ1997 ያወጣ ድርጅት ነው፣ ሃይብሪዱ አሁን በደንብ እየሸጠለት ነው። የተጎዳው ኒሳን ነው። ሊፍ የተባለችውን የኤሌክትሪክ መኪና በ2010 አውጥቶ መንገዱን የጠረገው እሱ ነበር፣ ግን አልገፋበትም። በዲሴምበር 2024 ከሆንዳ ጋር ለመዋሃድ ንግግር ጀመረ፣ በፌብሩዋሪ 2025 ፈረሰ። ከዚያ 20 ሺህ ሠራተኛ ቀንሼ ከ17 ፋብሪካ ወደ 10 እወርዳለሁ አለ። ስለ ባትሪው የተባለው ግን ልክ ነው። ቶዮታ ራሱ ቻይና ውስጥ ለሚሸጠው ቢዚ3 ለተባለው የኤሌክትሪክ መኪናው ባትሪውን ከቢዋይዲ ነው የሚወስደው።

የሶማሌ ተራ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ገባኝ። የዋጋውን ነገር ግን ማንም አልመለሰልኝም። ዛሬ ዕቃውን አስመጥቼ ነገ መኪናውን የሚሠራው ድርጅት ቢዘጋስ?

ከጓንዡ፦
ስጋትህ ትክክል ነው። በሜይ 2025 ቢዋይዲ በ22 ሞዴሎች ላይ ዋጋ ቀነሰ፤ ትንሿ ሲጉል 55,800 ዩዋን ገባች። ሌሎቹም ሳይወዱ በግድ ተከተሉ። የዋጋ ጦርነቱ መንግሥትን ሳይቀር አሳስቦት ይብቃ አለ። ዕቃ አቅራቢዎች ገንዘባቸውን ለማግኘት ወራት ይጠብቁ ስለነበር ትልልቆቹ መኪና ሠሪዎች በጁን 2025 በ60 ቀን ውስጥ እንከፍላለን ብለው ቃል ገቡ። ከዚያ በፊትም የወደቁ አሉ። ደብሊውኤም ሞተር በ2023 ኪሳራ ውስጥ ገባ፣ ሃይፋይ በ2024 መጀመሪያ ማምረት አቆመ፣ ባይዱና ጂሊ ያቋቋሙት ጂዩም በዚያው ዓመት መጨረሻ ተንኮታኮተ። የገዛው ሰው ጥገናውንም ሶፍትዌሩንም ከማን ይጠይቅ? ፋብሪካዎቹ አገር ውስጥ ከሚሸጠው በላይ የማምረት አቅም አላቸው። አሜሪካ በ2024 ቀረጡን 100 በመቶ አደረገችው፤ አውሮፓ ደግሞ በነበረው 10 በመቶ ላይ እንደ ኩባንያው እስከ 35.3 በመቶ ጨመረችበት። ስለዚህ መኪናው ወደ ብራዚል፣ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ ወደኛም ይመጣል። ርካሽ ሆኖ መምጣቱ ለተወሰነ ጊዜ ይቀጥላል ብዬ አምናለሁ፤ ሁሉም ብራንድ ግን አብሮ አይዘልቅም።

ጋራዥ ያላት፦
ወንድሜ፣ እኔ አዲስ አበባ የኤሌክትሪክ መኪና እጠግናለሁ። ካፒታልህን በሙሉ እንዳታዞር። መንገድ ላይ ያለው ቪትዝና ኮሮላ ገና ብዙ ዓመት ይነዳል፣ አዲስ ስለማይገባ ደግሞ ባለቤቱ አሮጌውን እየጠገነ ይይዘዋል። ከኤሌክትሪኩ ዕቃ ጀምር ካልከኝ፣ የፍሬን ሸራ ላይ ብዙ አትቁጠር፤ እግርህን ስታነሳ ሞተሩ ራሱ ስለሚይዝ ሸራው ቶሎ አያልቅም። መኪናው ከባድ ስለሆነ ግን ጎማ ይበላል፣ የኛ መንገድም አሞርዛተሩን ይጨርሰዋል። ከግጭት በኋላ የሚጠየቀው የፊት መብራትና መስታወት ነው፤ እሱ ጠፍቶ መኪና ግቢዬ ውስጥ ሳምንታት ይቆማል። ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ ተሠርተው በነጋዴ በኩል የገቡ ስለሆኑ የፋብሪካው ዋስትና ተከትሏቸው አልመጣም፣ ስክሪኑም ቻይንኛ ነው። ሞዴሉ ደግሞ በየዓመቱ ይቀያየራል። የሻንሲ ቁጥሩን ሳታይ ዕቃ እንዳታዝ፤ ስሙ አንድ ሆኖ መብራቱ የማይገጥም ብዙ ነው። ብራንድ ስትመርጥ በብዛት የገቡትን ብቻ ያዝ። ከየጋራዡ ዞረህ የትኛው ሞዴል በዕቃ እጦት እንደቆመ ብትጠይቅ ማንም አይደብቅህም።

የሶማሌ ተራ ልጅ፦
እህቴ፣ ተባረኪ። የመጀመሪያው ጋራዥ ያንቺ ይሁን። አድራሻሽን በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ።

ጋራዥ ያላት፦
ልኬልሃለሁ። ስትመጣ የቮልስዋገን አይዲ 6 የግራ የፊት መብራት የት እንደሚገኝ አጠያይቅልኝ።