ጀርመን፦ ነጻ ፓርኪንግ ላይ የሚያስቀጣው ሰማያዊ ካርቶንና ያልተመታ ትኬት

መንገደኛ_77፦
ጀርመን መኪና ልንከራይ ነው። አንዳንድ ቦታ ማቆም ነጻ ሆኖ፣ መስታወቱ ሥር ሰማያዊ ካርቶን ካልተቀመጠ ግን ያስቀጣል አሉ። ነጻ ከሆነ ቅጣቱ ምን አመጣው? ባቡር ላይ ደግሞ ትኬት ይዘውም የሚቀጡ አሉ ሲባል ሰማሁ። የምታውቁ አስረዱኝ።

ጎማ_ቀያሪ፦
ነጻ የሚሆነው ለተወሰነ ሰዓት ብቻ ስለሆነ ነው። ካርቶኑ ፓርክሻይበ (የፓርኪንግ ዲስክ) ይባላል፤ መቼ እንደቆምክ ለተቆጣጣሪው የሚያሳይ፣ 11 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ውስጡ የሚዞር የሰዓት ክብ ያለው ነገር ነው። ሰማያዊ መሆን አለበት፤ ለማስታወቂያ የሚታደለው ባለሌላ ቀለም አይሠራም። የኪራይ መኪና ከሆነ መጀመሪያ የበሩን ኪስ ፈትሽ፤ ከሌለ ነዳጅ ማደያ ይሸጣል።

ሰው የሚሳሳተው አሞላሉ ላይ ነው። የደረስክበትን ደቂቃ አትሞላም፤ ቀስቱን ቀጥሎ ባለው ግማሽ ሰዓት ላይ ታደርገዋለህ። በፈረንጅ ሰዓት 10:05 ከደረስክ 10:30፣ 10:35 ከደረስክ 11:00። ታፔላው 2 ሰዓት ከፈቀደ በመጀመሪያው ምሳሌ እስከ 12:30 ትቆማለህ፤ 25ቷ ደቂቃ ምርቃት ናት። ሰዓቱ ሲያልቅ መኪናውን ሳያነሱ ዲስኩን ብቻ ወደፊት ማዞር ግን ክልክል ነው።

ታፔላው ሥር ያለችውን ትንሿን ጽሑፍም አትለፋት። «ከ8 እስከ 18» ካለ ከዚያ ውጭ ዲስክ አያስፈልግም። «በሥራ ቀን» ካለ ደግሞ ቅዳሜም ይቆጠራል። ብዙ እንግዳ ቅዳሜ ዕረፍት መስሎት የሚቀጣው እዚህ ላይ ነው።

ፌርማታ፦
ስለ ትኬቱ እኔ ልጨምር። የከተማ ባቡር መግቢያ ላይ ትኬት የሚፈትሽ በር የለም ማለት ቁጥጥር የለም ማለት አይደለም። ተቆጣጣሪዎቹ ብዙ ጊዜ እንደማንኛውም ተሳፋሪ ለብሰው ይገቡና በሩ ሲዘጋ መታወቂያ ያወጣሉ። ትኬት ከሌለ ቅጣቱ 60 ዩሮ ነው። ቱሪስት ነኝ ብሎ መከራከር አያዋጣም።

ትኬት ይዞ መቀጣት የሚመጣው ትኬቱ ሳይመታ፣ ማለትም ቀኑና ሰዓቱ በመምቻ ሳጥን ሳይታተምበት ሲቀር ነው። ፍራንክፈርት ላይ ከማሽኑ እንደወጣ ሰዓቱ መቁጠር ስለሚጀምር መምታት አይጠበቅብህም። በርሊንና ሙኒክ ግን ነጠላ ትኬት ገዝተህ ካልመታኸው ባዶ ወረቀት ነው፤ ካልተመታ ነገም መልሰህ ልትጠቀምበት ትችላለህና። ለባቡር መምቻው ሳጥን ከመሳፈርህ በፊት መድረኩ ላይ ወይም መግቢያው ጋ ይገኛል፤ ለትራምና ለባስ ውስጥ ነው፣ እንደገባህ ከመቀመጥህ በፊት ምታ። ትኬቱን ወደ ቀዳዳው ስትከተው ድምፅ ያሰማል፤ አውጥተህ ቀኑና ሰዓቱ መታተሙን እይ። ቀለም አልቆበት ባዶውን የሚመልስ ሳጥን አለ፤ ያኔ ወደሚቀጥለው ሂድ።

በስልክ የሚገዛ ከሆነ መምታት የለም፣ ግን ሳትሳፈር ግዛው። ተቆጣጣሪ አይቶ መግዛት አያድንም።

መንገደኛ_77፦
እግዜር ይስጥልኝ! የሚከፈልበት ቦታ ሄደን ማሽኑ ቢበላሽስ?

ጎማ_ቀያሪ፦
ያኔም ያው ዲስክ ነው። ሞልተህ መስታወቱ ሥር ታስቀምጣለህ፣ ታፔላው እስከሚፈቅደው ከፍተኛ ሰዓት ድረስ ትቆማለህ። «ማሽኑ አይሠራም» ብሎ ብጣሽ ወረቀት መተው ዲስክን አይተካም። ጎን ላይ ሌላ የሚሠራ ማሽን ካለ ግን ከሱ መቁረጥ ግድ ነው።