ጥቆማ፦ ለሰሜን ተራሮች፣ ለባሌና ለአውሮፕላን የሚሆን ሌንስ

የቨርጂንያዋ፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ። ካሜራዬ ካኖን 80ዲ ነው ከ18-135 ሚሜ ሌንሱ ጋር። ለጥምቀት አገር ቤት እገባለሁ፣ ጎንደር አክብሬ ሰሜን ተራሮች ከዛ ባሌ ነው ሀሳቤ። እዚህ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለው ግራቬሊ ፖይንት መናፈሻ እየሄድኩ ሬገን ኤርፖርት የሚያርፉትን አውሮፕላኖች አነሳለሁ። 1,200 ዶላር አለኝ፣ የካኖን 100-400 ሁለተኛው ሞዴል ዩዝድ (ያገለገለ) ይሻላል ወይስ አዲስ ሲግማ 150-600 ኮንቴምፖራሪ? የተጠቀመበት ሰው ይንገረኝ።

ጠዋት ጀምበር፦
ሲግማ ነዋ። የ80ዲ ሴንሰር ትንሽ ስለሆነ 600ው እንደ 960 ነው የሚያቀርብልሽ።

ሰኔቲ፦
ሁለቱንም ይዤ ባሌ ሰኔቲ አምባ ወጥቻለሁ። ሲግማው ወደ 2 ኪሎ ይጠጋል፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ደግሞ ትንፋሽሽም ይከብድሻል፣ አንጠልጥለሽው ስትሄጂ ክንድሽ ይዝላል። ቀይ ቀበሮው አይጥ ጉድጓድ አፍ ላይ ጆሮውን ቀስሮ ሲያደባ ከመኪና አትውረጂ፣ መስኮቱ ላይ ጋቢ አጣጥፈሽ ሌንሱን አሳርፊበት፣ ሞተሩን ግን አስጠፊ ንዝረቱ ፎቶውን ያበላሸዋል። ጭላዳ እንደሆነ አይሸሽም፣ ሳሩን እየነጨ አጠገብሽ ነው የሚቀመጠው፣ ለሱ ያለሽው ሌንስ ይበቃል። እኔ 100-400 ነው የምልሽ።

አንዴ የተቃጠለ፦
ዩዝድ እንዳትገዢ!!! አምና አዲስ አበባ ካንድ ሱቅ እሱኑ 100-400 ገዛሁ፣ ሱቅ ውስጥ አንስቶ አሳየኝ ጥሩ ነው፣ ማታ ቤት ገብቼ የስልክ መብራት ባበራበት ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ። በነጋታው ስመልስለት እርጥበት ቦታ አስቀምጠኸው ነው አለኝ፣ ባንድ ሌሊት! ያጠራቀምኩት ብር ነበር እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሚሚ፦
አይዞህ ወንድሜ። የት አካባቢ ነው ሱቁ?

አንዴ የተቃጠለ፦
ስም ባልጠራ ይሻላል። አስጠርጌው ነበር ግን ያው ጭጋግ ያለበት ይመስላል ፎቶው።

የቦሌ ልጅ፦
ሁሉም ሱቅ አንድ አይደለም እኮ። እኔ ቦሌ ሌንስ የሚሸጥ አንድ ልጅ አውቃለሁ፣ 6 ዓመት ከሱ ነው የምገዛው አንድ ቀን አላታለለኝም። ከሱ ውጪ አልገዛም።

ጠዋት ጀምበር፦
እሷ ያለችው ቨርጂንያ ነው ሱቁ ቦሌ ነው። ሌንስ ልትገዛ 13 ሰዓት ትብረር በለና።

የቦሌ ልጅ፦
ለጥምቀት ትመጣ የለ እንዴ።

ሀብ፦
ዝም ብለሽ ሶኒ ግቢ፣ እንዳንቺ ያለው ባለ መስታወት ካሜራ (ዲኤስኤልአር) ጊዜው አልፏል።

ሚሚ፦
ስለ ሶኒ ማን ጠየቀ? ይልቅ የኢትዮጵያ አየር መንገድን ድሪምላይነር አውሮፕላን አንሺልን እህቴ።

ጋሽ ስፖተር፦
የኛ አየር መንገድ ሬገን አያርፍም ልጆች፣ ደለስ ኤርፖርት ነው። ልጄ፣ ግራቬሊ ፖይንት አውሮፕላኑ አናትሽ ላይ ነው የሚያልፈው፣ እዚያ 600 ምን ያደርግልሻል፣ 100ው ራሱ ይጠብሻል። ጀት ከሆነ የሸተሩን ፍጥነት 1/1000 ሰከንድና ከዚያ የፈጠነ አድርጊው፣ ባለ ፕሮፔለር ሲመጣ ግን ወደ 1/250 አውርጂው አለዚያ ፕሮፔለሩ ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስላል። ቀትር ላይ ደግሞ ከአስፋልቱ የሚነሳው ሙቀት ሩቁን ሁሉ ያርገበግበዋል፣ ያንን የትኛውም ሌንስ አያስተካክለውም፣ ጠዋት ሂጂ። ቦሌ ኤርፖርት ስትደርሺ ግን አደራ ካሜራሽን ያለ ፈቃድ እንዳታወጪ።
ዩዝድ ከገዛሽም የመመለሻ ቀን ከሚሰጥ ሻጭ ይሁን። ሁለቱንም ክዳን አውልቀሽ ባንድ በኩል መብራት እያበራሽ በሌላው አገላብጠሽ እዪው፣ ሻጋታ ካለ ያኔ ይታያል።

ሰኔቲ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልን። ለመልክዓ ምድር ደግሞ የካኖን 10-18 ጨምሪበት፣ 240 ግራም ነው አይሰማሽም፣ ሰሜን ተራሮች ገደል ጫፍ ላይ ቆመሽ ያለሽ ሌንስ 18ቱ ላይ እንኳ ገደሉን አልይዝ ይልሻል።

የቨርጂንያዋ፦
ኧረ ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጎንደር ፋሲለደስ መዋኛው ጋ ጸበሉ ሲረጭ ሌንሱ አይበላሽም?

ሰኔቲ፦
100-400ው ውሃ እንዳይገባው ተደፍኗል፣ ሲግማው ኮንቴምፖራሪ ግን ካሜራው የሚገባበት ጋ ብቻ ነው ጎማ ያለው። ለማንኛውም ፌስታል ያዢ።

የቦሌ ልጅ፦
ስትመጪ በውስጥ መስመር አውሪኝ፣ ልጁ ጋ እወስድሻለሁ።