የፒንክ ፍሎይድ የመጀመሪያ አልበም፦ ሞኖው ይሻላል ስቴሪዮው?

ጥያቄ፦ የእንግሊዞቹን የሮክ ባንድ ፒንክ ፍሎይድን የማውቃቸው «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» በሚለው አልበማቸው ነው። አሁን የ1967ቱን የመጀመሪያ አልበማቸውን፣ «ዘ ፓይፐር አት ዘ ጌትስ ኦፍ ዶውን»ን በሸክላ ልገዛ አስቤ ነበር። ሞኖ (በሁለቱም ጆሮ አንድ ዓይነት ድምፅ የሚሰማበት) አለ፣ ስቴሪዮ (ድምፁ ግራና ቀኝ የተከፈለበት) አለ፣ የአሜሪካ እትም የሚባልም አለ። ግራ ገባኝ። የሰማችሁት ካላችሁ ጠቁሙኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብርህን ከማውጣትህ በፊት አንድ ነገር እወቅ። በኋላ የገባው ጊታሪስታቸው ዴቪድ ጊልሞር እዚህ አልበም ላይ የለም። ጊታሩ የያኔው ጊታሪስታቸውና ዘፋኛቸው የሲድ ባሬት ነው፤ ከ11ዱ ዘፈኖች ስምንቱን ብቻውን የጻፈውም እሱ ነው። ስለ ድመት፣ ስለ ብስክሌት፣ ስለ ወፍ ማስፈራሪያ ይዘፍንልሃል። የጊልሞርን ለስላሳ ጊታር ጠብቀህ ከሆነ ትናደዳለህ።

የአሜሪካውን እትም ተወው። «ሲ ኤሚሊ ፕሌይ» የሚለውን ነጠላ ዜማ ጨምረው መክፈቻውን «አስትሮኖሚ ዶሚኔ»ን እና መዝጊያውን «ባይክ»ን አወጡበት። በር የሌለው ቤት ማለት ነው።

የኔ ምርጫ ሞኖው ነው። ያኔ ብዙ ሰው ቤት የነበረው ማጫወቻ ሞኖ ስለነበር፣ ፕሮዲውሰሩ ኖርማን ስሚዝ ይበልጥ የለፋው በሱ ላይ ነው። ስሚዝ ደግሞ እንደዋዛ የሚታይ ሰው አይደለም፤ እስከ 1965 የቢትልስ የድምፅ መሐንዲስ ነበር። ቤዙና ከበሮው አንድ ላይ መጥተው ደረትህን ይመቱሃል።

ስቴሪዮው የሚበልጥበት አንድ ቦታ ግን አለ። «ኢንተርስቴላር ኦቨርድራይቭ» የሚለው ዜማ አሥር ደቂቃ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ወደ መጨረሻው ላይ ድምፁ ከግራ ጆሮ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይወረወራል። መጀመሪያ የሰማሁት ታክሲ ውስጥ ነበር። የኢርፎኔ ገመድ የተበጠሰ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ነቅዬ ሰካሁት።

ጥያቄ፦ አመሰግናለሁ! ተቺዎቹስ ያኔ ምን አሉ?

መልስ፦ ባብዛኛው ወደውታል። በእንግሊዝ «ሬከርድ ሚረር» እና «ኤንኤምኢ» የሚባሉት የሙዚቃ ጋዜጦች ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥተውታል፤ በሽያጭም 6ኛ ደረጃ ደርሷል። አሜሪካ ላይ 131ኛ ሆኖ ቀረ። ቅር የተሰኙት ለንደን ዩፎ ክለብ እየሄዱ በአካል ያዩዋቸው ነበሩ። እዚያ አንድ ዜማ እያረዘሙ የሚያሳብዱት ልጆች፣ አልበሙ ላይ የሦስት ደቂቃ ዘፈን ሲዘፍኑ ሰሟቸው። «ዘ ሁ» የሚባለው ባንድ ጊታሪስት ፒት ታውንሸንድም ካልወደዱት አንዱ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ባሬት ጎበዝነቱ እዚያው አጫጭሮቹ ላይ ነው። «ሮሊንግ ስቶን» መጽሔት በ2003 ባወጣው የ500 ምርጥ አልበሞች ዝርዝር 347ኛ ላይ አስቀምጦታል፤ ለኔ አንሶበታል።

የግድ ሸክላ ይሁን ካላልክ ደግሞ ለ40ኛ ዓመቱ በ2007 የወጣውን ባለ ሦስት ሲዲ ፈልግ። ሞኖውም ስቴሪዮውም አለው፤ ሦስተኛው ሲዲ ላይ ነጠላ ዜማዎቹን ታገኛለህ። «ባይክ» ሊያልቅ ሲል ብቻ ድምፁን ቀንስ። ዳክዬ የሚመስል ጫጫታ አለው፤ እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ደግሞ ምን አመጣህብኝ?» ብላኛለች።