«አንጐራጐሩባቸው» ሲል ዘፈኑባቸው ማለት ነው?

ፊደል ቆጣሪ፦ በ1954 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ፣ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ሲጀምር ከግሪክ አገር የመጡት አይሁድ በይሁዳ ኖረው በነበሩት ላይ «አንጐራጐሩባቸው» ይላል። ምክንያቱ በየቀኑ እርዳታ ሲታደል መበለቶቻቸው ችላ መባላቸው ነው። ለዛሬ ወጣት ግን ማንጎራጎር ልብስ እያጠቡ ዜማ ማዜም ነው። ቃሉ ትርጉሙን ለውጦ ነው ወይስ ድሮም ሁለት ፊት ነበረው?

የደጋ ሰው፦ ድሮም ሁለት ፊት ነበረው፤ እንዲያውም ሁለቱ ፊቶች ይተዋወቃሉ። የሠርግ ዘፈን እንጉርጉሮ ሲባል ሰምተው ያውቃሉ? አይባልም። የሚያንጎራጉረው ሆድ የባሰው ነው። መጽሐፉ መጀመሪያ በተጻፈበት በግሪክኛ ያለው «ጎንጊስሞስ» የሚለው ቃልም እንደ እኛው የጉሮሮን ድምፅ የሚያስመስል ነው። ቁም ነገሩ ያለው «ባቸው» የምትለው ቅጥያ ላይ ነው፤ ሰው ሲያንጎራጉር ለራሱ ነው፣ ሲያንጎራጉርባቸው ግን የሚከሰስ ወገን አለ። የዛሬ ጋዜጣ ቢሆን «ጉምጉምታ ተሰማ» ይል ነበር።

ዳዊት ደጋሚ፦ ትርጉሙ ገባኝ፤ ያልገባኝ ፍርዱ ነው። በዘፀአት 16 እስራኤል በሙሴና በአሮን ላይ ሲያንጎራጉሩ ይወቀሳሉ። ጳውሎስም ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሳታንጎራጉሩ ሁሉን አድርጉ ይላል። በሐዋርያት ሥራ 6፣ ኢየሩሳሌም ላይ ግን ያንኑ ቃል ተግሣጽ አይከተለውም። ለምን?

የደጋ ሰው፦ ምክንያቱም አቤቱታው እውነት ነበር! መበለቶቹ በእርግጥ ተዘንግተዋል። ዐሥራ ሁለቱ «ሆድ ይፍጀው» ብለው አላለፉትም፤ ማን አወራ ብለውም አልመረመሩም። ሕዝቡን በሙሉ ጠርተው ሰባት ሰዎች ምረጡ አሉ። አሁን ስሞቹን ያንብቧቸው፦ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጰርሜና፣ ኒቆላዎስ። ሰባቱም የግሪክ ስም ናቸው፤ የመጨረሻው ደግሞ ወደ ይሁዲነት የገባ የአንጾኪያ ሰው ነው። ማከፋፈሉ የተሰጠው ለተበደለው ወገን ነው ብዬ አነባለሁ። እንዲህ ያለ ዕርቅ በእኛ ዕድር ውስጥ እንኳ አይቼ አላውቅም፤ እኛ ቅሬታ ያቀረበውን ሰው ዝም ማሰኘቱ ይቀናናል።

ፊደል ቆጣሪ፦ ስም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ከዐሥራ ሁለቱ እንድርያስና ፊልጶስም የግሪክ ስም ነበራቸው።

የደጋ ሰው፦ ልክ ነው፤ ሆኖም ከሰባት ሰባቱ መሆናቸው የአጋጣሚ አይመስልም። ያም ሆነ ይህ፣ ጉምጉምታው ባይነሣ ያ ሹመት አይኖርም ነበር። ሊቀ ዲያቆናት የምንለው እስጢፋኖስ ወደ መድረኩ የወጣው በእህል ጠብ ምክንያት ነው። (ምዕራፉ ራሱ ሰባቱን «ዲያቆን» ብሎ አይጠራቸውም፤ ያን ያለው ትውፊት ነው።)

ዳዊት ደጋሚ፦ እንግዲያው ምድረ በዳም ውስጥ ሌላ ምሳሌ አለ። የሰለጰዓድ አምስት ሴቶች ልጆች፣ ዘኍልቍ 27። አባታቸው ወንድ ልጅ ሳይተው በመሞቱ ርስቱ ሊያመልጣቸው ነበር። እነርሱ ግን በድንኳናቸው አላንጎራጎሩም፤ በሙሴ፣ በካህኑ፣ በአለቆቹና በማኅበሩ ሁሉ ፊት ቆመው ተናገሩ። እግዚአብሔርም እውነት አላቸው አለ፤ የውርስ ሕጉ ተሻሻለ። ለዚህ «አቤት ማለት» የሚለው ይስማማል።

የቡና ሰዓት፦ ዘግይቼ ገባሁ። ከአቤቱታ በፊት «ወቀሳ» መኖሩን አትርሱት። ማቴዎስ 18፥15 ወንድምህ ቢበድልህ ሄደህ ብቻችሁን ሆናችሁ «ውቀሰው» ይላል። ክስ ዳኛ ፊት ነው፤ ሐሜት ከጀርባ ነው፤ ወቀሳ ግን ፊት ለፊት፣ ለዚያውም ለሚቀርቡት ሰው ነው። ጠላትን ማን ይወቅሳል? እግርና እግርም ይጋጫል የሚሉት አባቶች ይህን ያውቁ ነበር። ያልተወቃቀሰ ሰው ቂም ይይዛል፤ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት የተባለው ደግሞ መባህን ትተህ አስቀድመህ ታረቅ ከሚለው ከማቴዎስ 5 ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦ ሁላችሁም ጠብን እያሳመራችሁት ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15ን ተመልከቱ፦ ጳውሎስና በርናባስ በማርቆስ ምክንያት እስኪለያዩ ድረስ «መከፋፋት ሆነ»። እኔ የምወደው ቃል ነው፤ አንዱ ከፋ ሌላው ተከፋ ሳይል ሁለቱንም ይይዛል። ሽማግሌ አልገባም፣ ዕርቅም አልተጻፈም። በርናባስ ማርቆስን ይዞ ወደ ቆጵሮስ፣ ጳውሎስ ሲላስን ይዞ ወደ ሶርያና ኪልቅያ። አንዱ ጉዞ ሁለት ሆነ የሚሉ ሰባኪዎች አሉ፤ መጽሐፉ ግን መለያየቱን አያመሰግንም።

የቡና ሰዓት፦ አያመሰግንም። ግን 2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥11ን ይመልከቱ፤ ጳውሎስ ማርቆስ ለአገልግሎት ብዙ ይጠቅመኛልና ይዘኸው ና ይላል። በመካከል ምን እንደተባባሉ አልተጻፈም።

ፊደል ቆጣሪ፦ ተወቃቅሰው ይሆናላ።