ዲኦት (ከዋይፋይ የሚያስወጣ መልእክት) ብልክበትም ስልኬ ከዋይፋዩ አልላቀቅ አለ

ሰላም ለሁላችሁ። ኦገስት ላይ ላስ ቬጋስ፣ ዴፍ ኮን የሚባለው የሃከሮች ጉባኤ ልሄድ ነው። ንግግሮቹ በኋላ በቪዲዮ ስለሚለቀቁ ጊዜዬን እጅን አስገብቶ በሚሠራባቸው መንደሮች (የጉባኤው የልምምድ ክፍሎች)፣ በተለይ በሬዲዮና ዋይፋዩ ነው የማሳልፈው። ለዚያ እንዲሆነኝ ቤት ውስጥ እየተለማመድኩ ነው (ራውተሩም ስልኩም የራሴ ናቸው፣ ጎረቤት አልነካሁም)።

ካሊ ሊኑክስን (ለደህንነት ፍተሻ የተዘጋጀ ሊኑክስ) ቨርቹዋል ቦክስ ላይ (ላፕቶፑ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚፈጥር ፕሮግራም) ጭኛለሁ። የላፕቶፑ ዋይፋይ እዚያ ውስጥ ስለማይታይ ሞኒተር ሞድ (በአየር ላይ የሚያልፈውን የዋይፋይ መልእክት ማዳመጥ) የሚችል የዩኤስቢ አዳፕተር ገዛሁ። በአካባቢው ያሉ ዋይፋዮችን የሚዘረዝረው ኤሮዳምፕ ራውተሩንም ስልኩንም ቻናል 6 ላይ ቁልጭ አድርጎ ያሳየኛል። ኤርፕሌይ በሚባለው መላኪያ መሣሪያ ዲኦት ስልክበት ግን ስልኩ ንቅንቅ አይልም፤ የከፈትኩት ቪዲዮ እንኳ አይቆራረጥም። ሃንድሼክም (ስልኩ ተመልሶ ሲገናኝ ከራውተሩ ጋር የሚለዋወጠው የቁልፍ መልእክት) የለም።

የሚገርመው አሮጌው ታብሌት ወዲያው ይቋረጣል፣ ሃንድሼኩም ይያዛል። ስለዚህ አዳፕተሩ ጤነኛ ነው። ቻናሉን ቆልፌ፣ ራውተሩ አጠገብ ተጠግቼም ሞክሬአለሁ፤ ለውጥ የለም።

ራውተሩ የተስተካከለው በደብሊውፒኤ (የዋይፋይ ደህንነት ደረጃ) 2 እና 3 ቅይጥ ነው። ጥርጣሬዬ ስልኩ በ3 እየገባ፣ ማኔጅመንት ፍሬሞቹ (ዲኦትን ጨምሮ ግንኙነቱን የሚቆጣጠሩት መልእክቶች) ስለሚጠበቁለት የኔን ዲኦት ይንቀዋል የሚል ነው። የራውተሩን ቅንብር ሳልነካ ይህን በዋየርሻርክ (የተያዙ መልእክቶችን ከፍቶ የሚያሳይ ፕሮግራም) ማረጋገጥ ብፈልግ የትኛውን ፍሬም ከፍቼ ምኑን ልይ?