ጭሱ ፊቴ ላይ ይመለሳል፣ ምን ላድርግ?

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው፤ ዓይኔ አሁንም እያለቀሰ። ያለኝ «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ነው፣ ያ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ተሠርቶ የሚገጣጠመው። እስካለፈው ወር ግሩም ነበር። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይ ማገዶዬን በግማሽ ያህል ቀንሶልኝ ነበር።

አሁን ግን ጭሱ በስተኋላ፣ ድስት በሚጣድበት በኩል መውጣቱን ትቶ በማገዶ ማስገቢያው ፊቴ ላይ ይተፋብኛል። እንጀራውማ ጉድ ነው! ከወዲህ ያለው ያራል፣ ከወዲያ ያለው ዓይን እንኳ ሳያወጣ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ትናንት ስድስቱን ለውሻ ሰጠሁ።

አመዱን ጠርጌያለሁ። የግራው ጎን ግን ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፤ ጣት ባያስገባም ነበልባሉ ይታየኛል። በጭቃና በጭድ መረግሁት፣ በሁለተኛው ቀን ረገፈ። ባሕር ዛፉም በደንብ አልደረቀም፤ በዚህ ክረምት ምን ይደርቃል?

ስንጥቁን በሲሚንቶ ልድፈነው ወይስ ያንን ጎን ብቻ ልቀይር? የቆርቆሮ ጭስ ማውጫ ብጨምርበትስ ይረዳል? የሞከራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ቶሎ በሉልኝ፤ ለእንቁጣጣሽ እንግዳ አለብኝ።